ያልተበጠረ ሰሊጥና ያልተበጠረ ቁጥር
ከመጠይቅ እስከ ሠንጠረዥ ስላለው ሥራ፣ ከሸሕዲ ገበያ አንጻር

ሰሊጥ ከአውድማ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ መርከብ እንደማይገባ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ነዶው ቆሞ ይደርቃል፤ ይራገፋል፤ ይበጠራል፤ ይነፋል፤ ወደ መጋዘን ሲደርስም ናሙናው ተወስዶ ገለባውና አፈሩ ምን ያህል እንደ ሆነ ተመዝኖ ደረጃ ይሰጠዋል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ለሰሊጥ ደረጃ ሲያወጣ፣ የሑመራንና የጎንደርን ነጭ ሰሊጥ ከወለጋው ለይቶ መደበው። ሳይበጠር የተጫነ ሰሊጥ በገዢው ወደብ ላይ ዋጋው ሲቀነስ ያየ ላኪ፣ የማበጠሩ ድካም ለምን እንደሚያስፈልግ ሁለተኛ አይጠይቅም።

ነገር ግን ይኸው ላኪ «በመተማ ወረዳ የዘንድሮ ሰሊጥ በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል ሰጠ» የሚል ሠንጠረዥ ሲቀርብለት፣ ቁጥሩ ከየት ተነሥቶ በማን እጅ አልፎ ወደ ወረቀቱ እንደ ደረሰ ብዙ ጊዜ አይመረምርም። በቁጥሩ ተማምኖ ነጋዴው ውል ይገባል፤ ባንኩ ብድር ይፈቅዳል፤ መሥሪያ ቤቱ በጀት ይደለድላል። ቁጥሩ ግን እንደ ሰሊጡ ሁሉ ከአውድማ የመጣ ነው። ጠያቂው በቆላው ሙቀት ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የጻፈው መልስ ገለባም አፈርም አያጣውም። ይህ መልስ ከመደመሩና ከመካፈሉ በፊት የሚበጠርበት ሥራ አለ፤ የጥናት ሰዎች መረጃ ማጥራት ይሉታል። ስለ ጥናት ውጤት ብዙ ይነገራል፤ ስለዚህ መካከለኛ ሥራ ግን እምብዛም አይጻፍም። ሠሪዎቹም ስማቸው በመጽሐፉ ሽፋን ላይ የማይወጣ ጸሐፊዎችና መዝጋቢዎች ናቸው።

ሸሕዲና አካባቢዋ ለዚህ ሥራ ከሚያስቸግሩት ቦታዎች መካከል ናቸው። የመተማ፣ የቋራና የምዕራብ አርማጭሆ ቆላ ከሱዳን ጋር የሚዋሰን፣ ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ ማሽላ፣ ዕጣንና ከብት የሚወጣበት፣ በአረምና በመከር ጊዜ ከደጋው ብዙ ሠራተኛ የሚጎርፍበት ምድር ስለ ሆነ አጥኚ አይጠፋበትም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ከግብርና ሚኒስቴር ጋር የገበሬውን ምርታማነትና የገበያ ውጤት ለማሻሻል ባቋቋመው ፕሮጀክት፣ መተማ ከአሥሩ የመማሪያ ወረዳዎች አንዷ ሆና ተመርጣ ነበር። ሐኪሞችም ስለ ካላዛርና ስለ ወባ ብዙ ጊዜ አጥንተውባታል። ነገር ግን በዚህ ገበያ ሁለት ገንዘብ፣ ሁለት የዘመን አቆጣጠር፣ ሁለት ፊደልና ከሁለት የበዛ መስፈሪያ ስለሚሠራበት፣ የተጻፈው መልስ ሳይበጠር ወደ ሠንጠረዥ ከገባ የሚያሳስትበት በር ብዙ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስቸግረው መስፈሪያ ነው። «ስንት መሬት ዘሩ?» ተብሎ ሲጠየቅ አንዱ ገበሬ በሄክታር፣ ሌላው በጥማድ፣ ድንበር ተሻግሮ በገዳሪፍ ሜዳ ሲሠራ የኖረው ደግሞ በፌዳን ይመልሳል። አንድ ፌዳን 0.42 ሄክታር ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ገበሬ 20 ፌዳን ዘርቶ 42 ኩንታል ሰሊጥ አገባ እንበል። መሬቱ 8.4 ሄክታር ስለ ሆነ ምርቱ በሄክታር 5 ኩንታል ነው። መዝጋቢው «ፌዳን» የሚለውን ቃል ዘልሎ 20ን በሄክታር ዓምድ ውስጥ ካስገባው ግን ምርቱ በሄክታር 2.1 ኩንታል ብቻ ይሆናል። ገበሬው አልዋሸም፤ ጠያቂውም በትክክል ጽፎ ይሆናል። ሆኖም እንዲህ ዐይነት ስሕተት የበዛበትን ሠንጠረዥ ያነበበ ላኪ «ዘንድሮ ሰሊጡ ከሽፏል፤ ዋጋው ይወጣል» ብሎ ቸኩሎ ይገዛል። መከሩ ሞልቶ ዋጋው ሲወርድ ኪሳራውን የሚከፍለው መዝጋቢው አይደለም።

ጥማድም ቢሆን በብዙ ቦታ ሩብ ሄክታር እየተባለ ይታሰባል እንጂ፣ አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ስለ ሆነ እንደ አፈሩና እንደ በሬው ጉልበት ይሰፋል፣ ይጠባል። ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚባለው መሥሪያ ቤት ከዓለም ባንክ ጋር ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ባካሄደው ተከታታይ የማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት፣ ጥማድ፣ ቦይ፣ ሰንጋና ቀርጥ የሚባሉት የአገር መለኪያዎች በየአካባቢው ስንት እንደሚሆኑ የሚያሳይ የመለወጫ መዝገብ ከመረጃው ጋር አብሮ ወጥቷል፤ መሬቱም በባለቤቱ ቃል ብቻ ሳይወሰን በመሣሪያ ተለክቷል። ይህ ሊከተሉት የሚገባ ልማድ ነው። ደንቡም ቀላል ነው፤ ቁጥሩ በአንድ ዓምድ፣ መለኪያው በተነገረበት ስም በሁለተኛው ዓምድ፣ የተለወጠው ልክ በሦስተኛው ዓምድ ይጻፋል። ጠያቂው በልቡ አባዝቶ የለወጠውን ብቻ የጻፈ እንደ ሆነ ግን ስሕተቱን ተመልሶ የሚያገኘው ሰው አይኖርም።

ከሱዳን ጋር ጥጥ የነገደ ሰው ቅንጣር የሚለው ቃል ለተዳመጠና ላልተዳመጠ ጥጥ አንድ እንዳልሆነ ያውቃል፤ የተዳመጠው ቅንጣር ወደ 45 ኪሎ ሲሆን ያልተዳመጠው ከ140 ኪሎ በላይ ነው። ይህን የማያውቅ መዝጋቢ ሁለቱን በአንድ ዓምድ ቢደምር የሚያስገርም አይደለም። ጆንያም እንዲሁ ነው፤ መቶ ኪሎ የሚይዘውና ሃምሳ ኪሎ የሚይዘው ከረጢት በባለቤቱ አፍ አንድ ስም ሊኖረው ይችላል።

ገንዘብ ከዚህ አይሻልም። በመተማ ዮሐንስ ገበያ ብርና የሱዳን ፓውንድ ጎን ለጎን ሲሠራባቸው ኖሯል። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2007 ዲናርን ትታ ወደ ፓውንድ ስትመለስ አንድ አዲስ ፓውንድ በአንድ ሺህ የቀድሞ ፓውንድ እንዲተካ ተደረገ፤ ገበያተኛው ግን በቀድሞው መቁጠሩን ወዲያው አልተወም። በዚያ ጊዜ «ከብቱን በአንድ ሚሊዮን ሸጥሁት» ያለ ነጋዴ አንድ ሺህ አዲስ ፓውንድ ማለቱ ሊሆን ይችላል። በአገራችንም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ብር በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ስለ ወረደ፣ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ የተነገረ ዋጋ ቀኑ ካልተጻፈ በስተቀር ጎን ለጎን ሊቆም አይገባውም።

ቀኑ መጻፉ ብቻም አይበቃም። በመጠይቁ ላይ 12/1/2016 ተብሎ የተጻፈ ቀን በእኛ አቆጣጠር መስከረም 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ሴፕቴምበር 23 ቀን 2023 ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ ግን እንደ ተሠራበት አገር ልማድ ጃንዋሪ 12 ቀን 2016 ወይም ዲሴምበር 1 ቀን 2016 ብሎ ያነበዋል። በውጭ አገር የተዘጋጀ ፕሮግራም አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅምና፣ በጳጉሜን የተደረገው ግብይት «የማይቻል ቀን» ተብሎ ሊጣል ይችላል። የዓመቱን መጨረሻ ገበያ ሲያጠና የጳጉሜን ሽያጭ ሁሉ የጠፋበት አጥኚ ቢኖር፣ ለበዓል የሚሸመተው ዘይትና ስኳር ወዴት እንደ ሄደ ሲያሰላስል ይውላል።

ስምና ቦታ ሌላ ጣጣ አላቸው። ሸሕዲ ራሷ ገንዳ ውሃ የሚል ሁለተኛ ስም አላት። ለሰው ዐይን ሸሕዲ፣ ሸህዲ፣ ሸኅዲና ሸኸዲ አንድ ከተማ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን አራት ከተሞች ናቸው። ገንዳ ውሃና ገንዳ ውኃ ሲጨመሩባቸው ስድስት ይሆናሉ። የፊደላችን ሞክሼዎች በቅኔ ቤት ክብር እንዳላቸው የታወቀ ነው፤ በሠንጠረዥ ውስጥ ግን የአንዲትን ከተማ ሱቆች በስድስት ቦታ በትነው እያንዳንዷን መንደር ያስመስሏታል። «መተማ» ተብሎ ሲጻፍም ወረዳው ይሁን ወይም በጋላባት ፊት ለፊት ያለችው የድንበር ከተማ መተማ ዮሐንስ ትሁን ተለይቶ አይታወቅም። ስለዚህ የቦታ ስም እንደ ተነገረ ከተጻፈ በኋላ፣ ከጎኑ ለአንድ ቦታ አንድ ብቻ የሆነ የኮድ ቁጥር ይሰጠዋል።

የአስተዳደር ወሰን የተለወጠ እንደ ሆነ ደግሞ ስሙ ሳይለወጥ መሬቱ ይለወጣል። ቀድሞ ሰሜን ጎንደር ይባል የነበረው ሰፊ ዞን በ2010 ዓ.ም. ገደማ ሲከፈል ምዕራብ ጎንደር ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፤ ሰሜን ጎንደር የሚለው ስም ግን ለቀሪው ደጋ ለበዛበት ክፍል ቀረ። ይህን ሳያስተውል የቀድሞውን የሰሜን ጎንደር ሰሊጥ ከኋለኛው ጋር ያስተያየ ሰው፣ ሰሊጡ በአንድ ዓመት ውስጥ ከምድር እንደ ጠፋ አድርጎ ይጽፋል። ሰሊጡ ግን በመተማና በቋራ እንደ ወትሮው በቅሎ ነበር።

የሰው ስም ሲሆን ነገሩ ከወረቀት አልፎ ወደ ጎተራ ይደርሳል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ ብዙ ሕዝብ በመተማ በኩል ገብቷል። በድንበሩ ላይ በዓረብኛ አነጋገር አንድ ጊዜ፣ በመጠለያ ጣቢያ በአማርኛ አጻጻፍ ሌላ ጊዜ ስሙ የተመዘገበ ሰው በሁለት ዝርዝር እንደ ሁለት ሰው ሊቆጠር ይችላል። በተቃራኒውም አባትና አያታቸው የተመሳሰሉ ሁለት ሰዎች እንደ አንድ ተቆጥረው የአንዱ ራሽን ሊቀር ይችላል። ዱቄትና ዘይት ለማቅረብ ጨረታ የሚገባ ነጋዴ የሚያሰላው በዚሁ ዝርዝር ላይ ተመሥርቶ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ከቁጥርና ከስም ይልቅ ግን የሚከብደው ቃል ነው። በመጠይቅ ውስጥ አንዳንዱ ጥያቄ መልሱ ሐተታ ነው። «ባለፈው ዓመት ንግድዎን ያዳከመው ምንድን ነው?» ተብለው የሚጠየቁ መቶ ባለ ሱቆች መቶ ዐይነት መልስ ይሰጣሉ፤ ይህም ሁሉ በጥቂት ክፍሎች ካልተመደበ ሊቆጠር አይችልም። እያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ይሰጠዋል፤ ይህ ኮድ መስጠት ይባላል። አስመጪና ላኪ ኮድ ሲባል እንግዳ ነገር አይምሰላቸው። በጉምሩክ መግለጫ ላይ ሰሊጥ በ1207.40፣ ሙጫና ዕጣን በ1301፣ ያልተነደፈ ጥጥ በ5201 የሚመዘገበው፣ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ የዕቃዎች ኮድ መሠረት ነው። ልዩነቱ ሰሊጥ ሰሊጥ መሆኑ የማያከራክር ሲሆን የሰው ቃል ግን የሚያከራክር መሆኑ ነው።

«መንገዱ ነው ያዳከመን» ይላል አንዱ ነጋዴ። መንገዱ ሲል አስፋልቱ ተቦረቦረ ማለቱ ነውን? ወይስ በጸጥታ ምክንያት መኪና አላልፍ አለ ማለቱ ነው? ወይስ በየኬላው የሚጠየቀው ክፍያ በዛ ማለቱ? ሦስቱም «የመንገድ ችግር» በሚል አንድ ኮድ ከተጠቃለሉ፣ ሠንጠረዡ አብዛኛው ነጋዴ የመንገድ ችግር እንዳለበት ይመሰክራል። ይህንን ያነበበ ሹምም በቅንነት ግሬደር ይልካል። ኬላው ግን ባለበት ይቆያል፤ ነጋዴውም «ቀርበው ጠየቁን፤ ምንም አላደረጉልን» ብሎ በሚቀጥለው ጊዜ መልስ ለመስጠት በሩን ይዘጋል። በሜዳ የተለፋበት ጥናት በአንዲት ኮድ ምክንያት ከንቱ የሚሆነው እንዲህ ነው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ኮድ ከመሰጠቱ በፊት ከየቀበሌው የመጡ ጥቂት ወረቀቶች ተመርጠው መልሶቹ በነጋዴዎቹ በራሳቸው ቃል ይዘረዘራሉ። ከዝርዝሩ የኮድ መጽሐፍ ይዘጋጃል፤ በመጽሐፉም ለእያንዳንዱ ኮድ የሚገባበት ብቻ ሳይሆን የማይገባበትም ይጻፋል። ከዚያም ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ አንድ ዐይነት ወረቀቶችን ወስደው ኮድ ይሰጣሉ፤ ሥራቸው ጎን ለጎን ሲታይ የተለያዩበት ቦታ ሁሉ መጽሐፉ ያልተብራራበት ቦታ ነው። «ሌላ» የሚባለው ኮድ ከአሥር እጅ በላይ ከያዘ ክፍፍሉ አልተሳካም ማለት ነውና እንደ ገና ይከፈታል። ለዚህ ሥራ ዋና ከተማ ተቀምጦ ኮድ ከሚሰጥ ሊቅ ይልቅ፣ ከሸሕዲ እስከ ጎንደር በጭነት መኪና የተመላለሰ አንድ የነጋዴ ጸሐፊ ይሻላል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ «መንገዱ» ያለው ሰው ምን ማለቱ እንደ ሆነ የሚያውቀው እርሱ ነውና።

መልስ ያልተሰጠበት ጥያቄም ራሱን የቻለ መልስ ነው። «አላውቅም»፣ «አልናገርም»፣ «እኔን አይመለከተኝም» እና «ምንም የለኝም» አራት የተለያዩ ነገሮች ሲሆኑ፣ ችኩል መዝጋቢ ሁሉንም ባዶ ይተዋቸዋል ወይም ዜሮ ይጽፍባቸዋል። አሥር ባለ ሱቆች ስንት ሠራተኛ እንዳላቸው ተጠየቁ እንበል። ስምንቱ ሁለት ሁለት አሉን ሲሉ ሁለቱ አንናገርም አሉ። እውነተኛው የመላሾች አማካይ 2 ነው። ላልመለሱት ዜሮ የተጻፈ እንደ ሆነ 1.6 ይሆናል። በልማድ «መልስ የለም» ለማለት የሚጻፈው 99 ሳይለይ የተደመረ እንደ ሆነ ደግሞ አማካዩ 21.4 ይሆንና፣ የሸሕዲ ኪዮስክ ሁሉ ፋብሪካ መስሎ ይታያል። እንዲህ ያለው ግዙፍ ስሕተት በቶሎ ይታያል፤ የሚያሠጋው 1.6 ነው፤ እውነት ይመስላልና ማንም አይጠራጠረውም።

ከዚህ የተነሣ እንግዳ የመሰለ ቁጥር ሁሉ ይጣል ማለት ግን አይደለም። ለሰሊጥ በሄክታር 60 ኩንታል የሚል ቢገኝ አንድ ዜሮ እንደ ተጨመረበት መጠርጠር ይገባል። ነገር ግን ሁለትና ሦስት ሄክታር ከሚያርሱ ገበሬዎች መካከል ብዙ መቶ ሄክታር የያዘ ባለ ሀብት ቢገኝ፣ በመተማና በቋራ ይህ ስሕተት ሳይሆን የአገሩ መልክ ነው። እርሱን «ከልክ ያለፈ» ብሎ የሰረዘ አጥኚ ወደ ገበያ ከሚመጣው ሰሊጥ ትልቁን ክፍል ሰረዘ። በመከር ጊዜ በአንድ ቤት ውስጥ ሃያ ወንዶች ተመዝግበው ቢገኙም እንዲሁ ነው፤ ከደጋ ለአረምና ለአጨዳ የወረዱ ሠራተኞች ሊሆኑ ይችላሉ። ከቆላው ሳይወጡ ከእርሻ ወደ እርሻ የሚዘዋወሩትና ሳሉግ የሚባሉት ደግሞ የትኛው ቤተ ሰብ አባል ሆነው እንደሚቆጠሩ አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ አንዱ ጠያቂ ይጽፋቸዋል፣ ሌላው ይተዋቸዋል። ምን ያህል እህል፣ ጨውና ሳሙና ወደ ወረዳው እንደሚገባ የሚያስብ ነጋዴ በዚህ ልዩነት መሐል ነው የሚቆመው።

በወረቀቱ ላይ ያለው ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ የሚሠራው ስሕተት ለሒሳብ ሠራተኛ አዲስ አይሆንበትም። የካዝና መዝገብና የባንክ መግለጫ እንደሚመሳከሩ ሁሉ፣ አንዱን ወረቀት ሁለት መዝጋቢዎች ለየብቻ ያስገቡትና የተለያዩበት መስመር ከዋናው ወረቀት ጋር ይተያያል። ወጪው ዕጥፍ ይመስላል፤ ነገር ግን ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ስለ ሆነ ከዚህ የሚሻል ዘዴ አልተገኘም።

ይህ ትጋት በትልልቅ አገሮችም ዘንድ ዋጋ ያስከፈለ ትምህርት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1880 የቆጠረችውን ሕዝብ ውጤት አጠናቅራ ለመጨረስ ወደ ስምንት ዓመት ፈጀባት። ኸርማን ሆለሪዝ የተባለው መሐንዲስ ለ1890ው ቆጠራ የተበሳ ካርድ የሚያነብ መኪና የሠራው በዚህ ምክንያት ነበር፤ ድርጅቱም ኋላ አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ ከተመሠረተባቸው አንዱ ሆነ። መኪናው ግን የሰውን ስሕተት አፋጠነው እንጂ አላስቀረውም። እ.ኤ.አ. በ1962 አንስሊ ኮልና ፍሬድሪክ ስቴፈን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት የ1950ን ቆጠራ ሲመረምሩ ሚስታቸው የሞተችባቸው የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ከሚገባው በላይ በዝተው አገኟቸው። ምክንያቱን ሲፈልጉ ጥቂት ካርዶች ከዓምዳቸው አንድ ወደ ቀኝ ተዛንፈው በመበሳታቸው ጎልማሳው በልጅ ዕድሜ እንደ ገባ ደረሱበት። የተዛነፉት ካርዶች ከጠቅላላው ጋር ሲተያዩ ከቁጥር የማይገቡ ነበሩ። ይሁን እንጂ ትንሽ ስሕተት በትልቅ ድምር ውስጥ ይሰወራል፤ በትንሽ ቡድን ላይ ሲወድቅ ግን ቡድኑን እንዳለ ይለውጠዋል። በአንድ ወረዳ ሺህ ባለ ሱቆች መካከል አሥር የዕጣን ነጋዴዎች ብቻ ቢኖሩ፣ በስሕተት የገቡ አምስት ወረቀቶች ስለ ዕጣን የሚነገረውን ሁሉ ያበላሻሉ።

ኢትዮጵያ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ባካሄደቻቸው ሦስት የሕዝብና ቤት ቆጠራዎች የተመዘገበው ዕድሜ በ0 እና በ5 በሚያበቁ ቁጥሮች ላይ ተከማችቶ ተገኝቷል። ልደቱን በወረቀት ያልያዘ ሰው «አርባ ይሆነኛል» ይላል እንጂ «ሠላሳ ዘጠኝ» አይልም። አጣሪዎች ይህን ክምችት የሚለኩበት ስሌት አላቸው፤ መልሱን ግን በየወረቀቱ ላይ እየለወጡ አያስተካክሉትም። በ1999ኙ ቆጠራ ደግሞ የአማራ ክልል ሕዝብ አስቀድሞ ከተገመተው ከሁለት ሚሊዮን በላይ አንሶ በመገኘቱ፣ ውጤቱ በ2001 ዓ.ም. ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ ብርቱ ጥያቄ ተነሥቶበታል። የክልል በጀት ከሕዝብ ቁጥር ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ነገሩ የወረቀት ክርክር ብቻ አልነበረም። ከቆጣሪው ቅጽ እስከ መጨረሻው ድምር የተደረገው ለውጥ ሁሉ በየደረጃው ተጽፎ ከተቀመጠ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በሰነድ መመለስ ይቻላል፤ ያልተቀመጠ እንደ ሆነ ግን ለአማኝ እምነቱ፣ ለተጠራጣሪም ጥርጣሬው ይቀርለታል።

ለ2010 ዓ.ም. ታስቦ ተደጋግሞ ለተላለፈው አራተኛው ቆጠራ ከመቶ ሺህ በላይ ታብሌቶች ተገዝተው ነበር። በሌሎች ጥናቶችም ወረቀቱ በታብሌት እየተተካ ነው። ታብሌቱ በሄክታር 60 ኩንታል ሲጻፍለት አልቀበልም ይላል፤ ያልተሞላ ጥያቄም አያሳልፍም። ይህ ብዙ ድካም ይቀንሳል። አደጋው ግን ጠያቂው ታብሌቱ የሚቀበለውን ቁጥር ቶሎ መልመዱ ነው። ገበሬው የተናገረውን ትቶ በሩን የሚከፍተውን ቁጥር የሚጽፍ ጠያቂ ከተገኘ፣ መረጃው ሲታይ ንጹሕ ሆኖ በውስጡ ሐሰት ይሆናል። ስለዚህ ጥሩ አዘጋጅ ታብሌቱ እንዲከለክል ሳይሆን እንዲያስጠነቅቅና ምክንያቱን እንዲጠይቅ ያደርገዋል።

አንድ ንግድ ምክር ቤት የአባላቱን ሽያጭ፣ የመጋዘን ይዞታና የብድር ፍላጎት ለማጥናት ቢነሣ፣ ወጪውን ሲያሰላ ለጠያቂዎች አበልና ለመኪና ብቻ በጀት ይዞ ለማጥራቱ ሳያስብ መቅረቱ የተለመደ ነው። ከጠያቂው ጋር አብሮ የሚውል አንድ ተቆጣጣሪ ወረቀቱን በዚያው ምሽት ማንበብ አለበት፤ ፌዳን ይሁን ሄክታር በማግስቱ ተመልሶ መጠየቅ ይቻላል፤ ከሁለት ወር በኋላ በአዲስ አበባ ተቀምጦ ግን አይቻልም። እርማትም የመጀመሪያው ጽሕፈት ሳይጠፋ በሌላ ቀለም ይጻፋል፤ ያረመው ሰው ስምና ቀኑም ይከተላል። በኮምፒዩተር ውስጥም ዋናው ቅጅ ሳይነካ ተቀምጦ፣ ማጥራቱ በሌላ ቅጅ ላይ ይሠራል።

የነጋዴው ፍርሃት ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ሽያጩን በትክክል የተናገረ ሰው ነገ ግብር ተጨምሮበት እንደ ሆነ ወይም ተወዳዳሪው ምሥጢሩን አውቆበት እንደ ሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚሰጠው መልስ ምንም ቢበጠር ፍሬ አይወጣውም። ስለዚህ ስምና የሱቅ ቁጥር ከመልሱ ተለይቶ በሌላ ዝርዝር ይያዛል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው መለያ ቁጥር ብቻ ነው። ስም ማንሣት ብቻውን ግን በትንሽ ከተማ አይበቃም። በከተማው ያለው የጥጥ መዳመጫ አንድ ብቻ ከሆነ «የጥጥ መዳመጫ ሽያጭ» ብሎ ለብቻው ማውጣት የባለቤቱን ስም በትልቅ ፊደል ከመጻፍ አይለይም። እንዲህ ያለው መስመር ከሌሎች ተመሳሳይ ሥራዎች ጋር ተዳምሮ ይወጣል፤ ወይም ከሠንጠረዡ ይቀራል።

የተሞሉት ወረቀቶች ጥናቱ ታትሞ ክርክሩ እስኪያልፍ ድረስ ይቀመጣሉ። በሸሕዲ ከሆነ ሙቀቱና ምስጡ የማይራሩ ስለ ሆነ፣ በካርቶን መሬት ላይ ከመተው ይልቅ በቆርቆሮ ሣጥን ተዘግተው ከግድግዳ በራቀ የብረት መደርደሪያ ላይ ቢሆኑ ይመረጣል፤ የኮምፒዩተሩ ቅጅም አንዱ በከተማው፣ ሌላው ከከተማው ውጭ ይቀመጣል። የስም ዝርዝሩ የተዘጋበት ሣጥን ቁልፍ ግን ከኮድ መጽሐፉ ጋር በአንድ መሳቢያ ውስጥ አይገባም።